በክረምት ያልተሸጠው ሣር

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ እዚህ ፉሪ ያለችው ጎረቤቴ፣ "አንቺ ደግሞ ምን ደከመሽ፤ ዕድሜ ልክሽን የሰው ገንዘብ ስታድዪ ነው የኖርሽው" አለችኝ። ክፋት የላትም። ስቄ አለፍኩት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለድሃ ብር መስጠት ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነው። ስም ይመዘገባል፣ ብሩ ይላካል፣ አለቀ። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ጉልበቴ የከዳኝ ብር ጠፍቶ አይደለም፤ ብሩ በትክክል ደርሶ ነው። እሱን ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። ያኔ የምናድለው ስንዴና ዘይት ነበር። መጋዘን በር ላይ ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ ሰው አህያውን ጭኖ ይሄዳል። ግማሹ ስንዴ ከበሩ ሳይርቅ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ጨውም በርበሬም የትምህርት ቤት ደብተርም የሚገዛው ከዚያ ነውና። ከዓመታት በኋላ ድርጅታችን እህሉን ትቶ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ እየቆጠርን፣ በኋላ በስልክ። የእኔም ሥራ ተቀየረ። ከመጋዘን በር ወጥቼ ቤት ለቤት የምሄድ ሆንኩ፤ ብሩ ከደረሰ በኋላ ቤተሰቡ እንዴት እንደሆነ የምከታተል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ብዙ አይተርፈውም ነበር፤ መንገዱ ግን ጫማ ይጨርሳል።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ኦቦ ደበላ የሚባሉ አለቃዬ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም ቦት ጫማ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ወደ አንድ መንደር ስንሄድ መኪናውን ከሩቅ ያስቆሙና በእግር እንገባለን። እጃቸው ላይ ወረቀት አይታይም፤ ሁሉም ነገር ቦርሳ ውስጥ ነው። ቤት ሲደርሱ "እንዴት ናችሁ፣ ችግራችሁ ምንድነው" አይሉም። የገብስ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ የዘንድሮ ዝናብ ይጠይቃሉ። ጨዋታው ሲሞቅ ተነስተው ቤቱን በጓሮ በኩል ይዞሩታል። ማገዶው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ ጭዱ የማን እንደሆነ፣ ደጅ የታሰረው ከብት የቤቱ ይሁን የጎረቤት አደራ በዓይናቸው ይለቅሙታል። ጎረቤት ባለበት ስለ ብር ትንፍሽ አይሉም።

ከዚያ ስንመለስ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

"እዚያ ቤት ብር ቢገባ የሚጎዳው ማነው?"

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም። ብር ገብቶ ማን ይጎዳል?

"ማን እንደሚጠቀም ቅጹ ራሱ ይጠይቅሻል" አሉኝ አንድ ቀን የሰበታን ዳገት እየወጣን። "አንቺ የሚጎዳውን ፈልጊ። ድሃ ቤት ባዶ ቤት አይደለም። የሚያበድር ሰው አለ፣ መሬቱን የሚያርስለት አለ፣ በርካሽ የሚገዛው አለ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ብሩ ሲገባ አንዱ ከቦታው ይነሳል። ማን እንደሚነሳ ሳታውቂ አትስጪ።"

ከሰበታ ወደ ቡራዩ ስዛወር እሳቸው ጡረታ ወጡ። ቀጥሎ የምነግራችሁ በእኔ ሥራ ላይ ከደረሰው ሁሉ የከፋው ነው።

ከገፈርሳ ወዲህ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጌጤ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጀርባውን ታሞ ተኝቷል። እሷ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ወደ ከተማ እየወረደች ትሸጣለች። ልጇ ሌንሴ ትምህርቷን የምትወድ፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር ልጅ ነበረች። በየወሩ ትንሽ ብር መድረስ ሲጀምር ጌጤ አልፎ አልፎ ከሸክም ማረፍ ቻለች። ሌንሴም ከትምህርት ቤት ሳትቀር ትውል ጀመር።

ከዚያ ክፍያው ቆመ። ከጠረጴዛ ወደ ስልክ ለመዛወር ነው ተባለ። "በሚቀጥለው ሳምንት" እየተባልን ወራት አለፉ። ጌጤ በሱቅ ዱቤ በላች፤ ዱቤውም ሲዘጋባት ሌንሴ ትምህርቷን ትታ ጭራሮውን ተሸከመች። እኔ ዋናውን ቢሮ በስልክ አላስቀምጥ አልኩት። ቢጨንቀኝ ኦቦ ደበላ ጋ ደወልኩ።

"ይመጣል፣ አትስጊ" አሉኝ። "ሲመጣ ግን ባንድ ላይ እንዳይመጣ ለምኚ። የወር የወሩ ብር ዳቦ ይገዛል። ተከማችቶ የመጣ ብር ሌላ ነገር ይገዛል።"

ለመንኩ። መብታቸው ስለሆነ ሙሉውን እንከፍላለን አሉኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ስልኮች ሁሉ ተራ በተራ ጮኹ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ጌጤ ቤት የደረስኩት ከቀናት በኋላ ነው። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ጌጤ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ሌንሴስ?" አልኳት።

"ሄደች።"

"የት?"

"ዓረብ አገር ነው ያለን ደላላው። ቤሩት ይሁን ሌላ እንጃ።" እጇን ጉልበቷ ላይ አሻሸች። "ከዚህ በፊትም መጥቶ ነበር። የሚሰጠው ስላልነበረን ነው የተመለሰው።"

ደላላው የመንደሩን ስልክ ጩኸት ሰምቶ ነው የመጣው። በየወሩ ሲቆራረስ ዓይኑን የማይሞላው ብር ተሰብስቦ ሲመጣ ልክ እሱ የሚጠይቀውን ያህል ሆነ። ሌንሴ ሁለቴ ደውላለች። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። እኔ ያልጠየቅሁት መሥሪያ ቤት፣ ያልደወልኩበት ኤጀንሲ የለም። ጌጤ በሄድኩ ቁጥር ከቤት ወጥታ ከሩቅ ፊቴን ታነባለች፤ ምንም እንደሌለኝ ስታይ ገና ሳልደርስ ትመለሳለች። ሌንሴ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በእኛ ቢሮ የዚያ ወር ክፍያ ያለ እንከን ተጠናቋል ተብሎ ተዘግቷል።

ሱሉልታ የተመደብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቤት የኦቦ ደበላን ጥያቄ ሳልጠይቅ አልገባሁም።

አዴ ወርቄን ያወቅኋት እዚያ ነው። ባሏ ሞቶባት ሁለት ትናንሽ ሴቶች ልጆች የምታሳድግ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ያላት ትንሽ የእርሻ መሬትና ከመንገዱ በታች የምትገኝ የሣር ሜዳ ነበረች። ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው ሜዳው ክረምት ውኃ ተኝቶበት ሣሩ እንዴት እንደሚነሳ ያውቃል። ያ ሣር ጥቅምት ላይ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፤ በጋው ሲከር የአዲስ አበባ ላም አርቢዎች ይሻሙበታል።

ወርቄ ግን የበጋውን ዋጋ አይታው አታውቅም። ነሐሴ ላይ እህሏ ያልቃል። ያን ጊዜ የባሏ ታላቅ ወንድም ኦቦ ቱሉ ገብስ በአህያ ጭነው ይመጣሉ። እሷ ሣሯን በእግሩ እንደቆመ ትሰጣቸዋለች። እሳቸው ጥቅምት ላይ አሳጭደው፣ አድርቀው፣ ከተማ መኖ ቤት ላለው ለከድር ይሸጡታል። የገብሱና የድርቆሹ ዋጋ ልዩነት የእሳቸው ነው።

ኦቦ ቱሉ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንድማቸው ሲሞት ምርቱን ለሁለት እየተካፈሉ መሬቷን የእኩል እያረሱ ያኖሯት እሳቸው ናቸው። ልጇ የታመመች ጊዜ ተሸክመው ጤና ጣቢያ የሮጡት እሳቸው ናቸው። ራሳቸውም ቢሆኑ ድሃ ናቸው። ነገር ግን አንድ በሬና የቆርቆሮ ጣሪያ ስለነበራቸው የቀበሌው ኮሚቴ ከእርዳታው አስቀራቸው። ቆርቆሮው አንድ ዘመን ባሕር ዛፍ ሽጠው ያለበሱት ነው፤ አይበላ ነገር።

ጓሮዋን ዞሬ፣ የገብስ ዋጋ ጠይቄ፣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አወቅሁ። ስለዚህ ክፍያው ሳይጀመር ኦቦ ቱሉ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩና ወርቄ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ሊደርሳት መሆኑን ነገርኳቸው።

"ታዲያ እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?" ብለው ሳቁ። "እሷ በላች ማለት እኔም አረፍኩ ማለት ነው።"

ያን ክረምት ብሩ ቀኑን ሳያዛንፍ መጣ። ነሐሴ ላይ ወርቄ ቤት ሄጄ ስናወራ ኦቦ ቱሉ እንደ ልማዳቸው ገብሱን ጭነው ደረሱ። "አካም ጅርቱ" ተባባልን። አህያዋን ሊያራግፉ ሲሉ ወርቄ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አያውርዱት። ዘንድሮ ይዘውት ይመለሱ።"

"ለምን? እህል አለሽ እንዴ?"

"ትንሽ ገዝቻለሁ።" ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ብላ፣ "ማርጋ ኮ ሂን ጉርጉሩ" አለች። ሣሬን አልሸጥም ማለቷ ነው።

ኦቦ ቱሉ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ይቺ ናት ያስተማረችሽ?"

"ማንም አላስተማረኝም" አለች ወርቄ። "ስበላ ነው ያሰብኩት። ሲርበኝ አላስብም ነበር።"

ኦቦ ቱሉ የፈቱትን ጭነት መልሰው አሰሩና አህያዋን እየነዱ ሄዱ። መንገዱ ላይ ቆመው ሣሩን ረጅም ጊዜ ሲያዩት አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አላወቅሁም።

ብሩ ለወርቄ የሰጣት ጊዜ ነው። ከነሐሴ እስከ በጋ የምትቆይበት ጊዜ። ላም አልገዛላትም፣ ቤት አልሠራላትም። ኦቦ ቱሉ ደግሞ ሲተዳደሩ የኖሩት በዚያው ጊዜ ነበር።

ከመስከረም ጀምሮ ነገሩ ከረረ። ውኃ መቅጃ ላይ ሴቶቹ ወርቄ ስትመጣ ወሬ ያቆማሉ። አንድ ጠዋት አጥሯ ተነቅሎ ከብት ሜዳዋ ውስጥ ተገኘ። የማን ከብት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረ የለም። እሷና ልጆቿ ተራ ገብተው ሜዳውን መጠበቅ ያዙ። እኔ በአንድ በኩል ለሽማግሌ እነግራለሁ፤ በሌላ በኩል ለቢሮዬ መናገር እፈራለሁ። በደንቡ መሠረት ጠብ የተነሳበት ቤት ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ክፍያው ይታገዳል። ሪፖርት ካደረግሁ የሚቆመው የወርቄ ብር ነው። ብሩ ከቆመ ደግሞ ሣሩን ትሸጣለች። ጌጤ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትታየኝ ነበር።

ኦቦ ቱሉ ቤት ሦስት ጊዜ ያህል ተመላለስኩ። ባለቤታቸው በምርኩዝ እያነከሰች በሩን ትከፍትልኛለች። "የለም" ትለኛለች። ከውስጥ ሳላቸው ይሰማል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከሚኒባስ ስወርድ መንገድ ዳር አንድ አይሱዙ ቆሞ አየሁ። የከድር መኪና ነው። ከድር ራሱ በሩን ተደግፎ ወደ ሜዳው ያያል። አባቱም አያቱም እዚህ ከተማ የነገዱ፣ ቃሉ የሚታመን ወጣት ነጋዴ ነው። ሜዳው ውስጥ የኦቦ ቱሉ ዘመዶች ማጭድ ይዘው ከዳር ጀምረዋል። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ነገር ይታያል። የወርቄ ነጠላ ነው። ሣሩ ውስጥ ቁጭ ብላለች።

ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ። አስተባባሪያችን ነው። ያየሁትን ነገርኩት።

"ውጪ! አሁኑኑ ከዚያ ውጪ!" አለኝ። "የመሬት ጉዳይ የእኛ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ቢፈጠር ድርጅቱን ነው የምታስከስሺው።"

"እሺ" አልኩና ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገባሁ።

አጫጆቹ በሁለት በኩል ወደ መሐል እየተጠጉ ነበር። የሚሰማው ማጭዱ ሣሩን ሲቆርጥ ሽው፣ ሽው የሚለው ብቻ ነው። ክቡ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ወርቄ ዙሪያ አንዲት ምንጣፍ የምታህል ሣር ቀረች። ከፊቷ ያለው አጫጅ ቀና አለና ቆመ።

"እጨድ!" አሉ ከኋላው የቆሙት ኦቦ ቱሉ።

ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

"እጨድ ነው የምልህ!"

"ሴትዮዋ ትነሳና" አለ።

ኦቦ ቱሉ ማጭዱን ከእጁ ነጠቁት። እኔ "ኦቦ ቱሉ፣ በእግዚአብሔር" አልኩ። ወርቄ አልተነሳችም፣ አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ ከጉልበቷ ፊት ያለውን ሣር ጨብጣ ያዘች።

"ቀጥሎ ያለው እጄ ነው" አለቻቸው።

ጎንበስ አሉ። ማጭዱ ሄደ። ለማስፈራራት ይሁን ንዴቱ አሳውሯቸው እኔ አልፈርድም። ጭብጥ ሣሩ ወደቀ፤ ከእሱ ጋር የወርቄ ጣት ላይ ደም ብቅ አለ። አንዴ ጠብ አለ፣ ከዚያ ደጋገመ። እሷ እጇን እንደጨበጠች ነው።

ኦቦ ቱሉ ደሙን አይተው ማጭዱን ወረወሩት። ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ነው ሁሉንም የገለጠው።

"ሸጬዋለሁ!" ብለው ጮኹ። "በግንቦት ነው ለከድር የሸጥኩት! በየዓመቱ እንደምሸጠው ቀብድ ተቀበልኩ። ብሩ ሆስፒታል ገባ። የሚስቴን እግር ነው ያስቆረጥኩበት፤ ምን መልሼ ልስጠው? እኔን ማን መዘገበኝ? ማን በስልክ ላከልኝ?"

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። አንገቴ ላይ ያለውን ሻርፕ ፈትቼ የወርቄን ጣት አሰርኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ከድር ጩኸቱን ሰምቶ ሣሩን እየገለጠ መጣ። ደሙን አየ፣ ኦቦ ቱሉን አየ።

"ኦቦ ቱሉ፣ ሜዳው የእርስዎ አይደለም እንዴ?"

"የወንድሜ ነው።"

"ወንድምዎ እኮ ሞቷል። የማን ነው?"

ኦቦ ቱሉ በአገጫቸው ወርቄን አመለከቱ። "እኔ እንዲህ ያለ ሣር አልጭንም" አለ ከድር። "የእኔን ገንዘብ ሲያገኙ ይመልሱልኛል። እስከ ገና እታገሣለሁ።" አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ። አጫጆቹም አንድ በአንድ ከሜዳው ወጡ።

ገና ሳይደርስ ኦቦ ቱሉ የከድርን ቀብድ ለመመለስ በሬያቸውን ሸጡ። ወሬውን ለወርቄ የነገርኳት እኔ ነኝ። ድርቆሹን እየገለበጠች ነበር። ቆማ ሰማችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ደስ ያላት አይመስልም ነበር።

ድርቆሿን ከምራ እስከ የካቲት አቆየችው። ከዚያ ሸጠችው፤ የገዛት ራሱ ከድር ነው፣ ከሁሉም የተሻለ ዋጋ ሰጥቶ። እንዲህ ያለ ብር ባንድ ጊዜ ይዛ አታውቅም። ነገር ግን የእርሻው ወቅት መጥቶ መሬቷ ጠፍ ሆኖ ተቀምጧል። የኦቦ ቱሉም እንደዚያው። ያ አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እየተቀናጀ ሁለቱንም ቤት ሲያርስ የኖረ ነው። አሁን የለም። ሣሯን ያዳነችበት ነገር እርሻዋን አሳጣት። እኔ ያንን አላሰብኩትም ነበር፤ ኦቦ ደበላም ቢሆኑ የሚያስቡት አይመስለኝም።

አስተባባሪያችን የድርቆሹን ሽያጭ ሲሰማ በደስታ መጣ። የወተት ላም እንድትገዛ መከራት፤ ሱሉልታ የወተት አገር ነው፣ ፎቶም ለማንሳት ጥሩ ነው።

"ላሟ መሬቴን ታርስልኛለች?" አለችው ወርቄ።

እሱ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረች። "ኦቦ ቱሉ ቤት ልሄድ ነው። ብቻዬን መግባት ከበደኝ።"

አብሬያት ሄድኩ። ባለቤታቸው ከፈተችልን፤ ወርቄን ስታይ እጇ በሩ ላይ ቀረ። ኦቦ ቱሉ ከውስጥ ወጡ። ከሜዳው ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

"በሬ ልገዛ ነው" አለች ወርቄ። "በሬ አላውቅም። ገበያ ይውጡልኝ።"

"ገበያው ደላላ ሞልቶታል።"

"ደላላ ያታልለኛል።"

"እኔስ?"

ወርቄ ዓይኗን አልመለሰችም። "አንቱም ሊያታልሉኝ ይችላሉ። በሬውን ጠምደው የሚያርሱበት ግን አንቱ ነዎት።"

ኦቦ ቱሉ ገብተው በሩን ዘጉት። እኔ እንቢ ማለታቸው ነው ብዬ ነበር።

የገበያው ቀን ከብት ተራ ስንደርስ ቀድመውን ቆመዋል። አልተጠጉንም፤ ሰላምታም የለም። ከእኛ ራቅ ብለው ከበሬ በሬ ይዞራሉ፤ እኛ ከኋላ እንከተላለን። ገንዘቡ ያለው ወርቄ መቀነት ውስጥ ነው፤ እጇ ከዚያ አይነሳም። አንድ ደላላ ቀይ፣ ወፍራም፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ በሬ ይዞ መጣና ወደ ኦቦ ቱሉ ጆሮ ተጠግቶ አንሾካሾከ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ግን እጁን ከኮቱ ኪስ አስገብቶ ሲያወጣ አየሁ። ወርቄም አየች። ኦቦ ቱሉ በሚቀጥለው ቃላቸው ይህችን ሴት ራቁቷን ሊያስቀሯት ይችላሉ። የበላችውም የተራበችውም፣ ያ ሜዳ ላይ የደማችውም፣ ሁሉም አሁን እሳቸው አፍ ውስጥ ነው።

ኦቦ ቱሉ የደላላውን እጅ ቀስ ብለው ገፉት። የበሬውን አፍ ከፍተው ጥርሱን አዩ። ከዚያ ቀንበር የሚያርፍበትን ጫንቃውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። በሬው ቆዳውን አንቀጠቀጠና ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይሄ ለቢላ ነው" አሉ። "ውስጡ ቁስል አለ። አይጠመድም።"

ብዙ ዞሩ። በመጨረሻ አንድ ዳለቻ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ ዓይን የማይሞላ በሬ ጋ ቆሙ። ጥርሱን፣ ጫንቃውን፣ ሰኮናውን አንድ በአንድ አዩ። ዳገቱን አስወጡት፣ አስወረዱት። ከፊቱ ቆመው ዓይኑን አዩት። ከዚያ በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ወርቄ ያዞሩት።

"ይሄን ግዢ" አሏት።

መቀነቷን ፈታች።

ስንመለስ ኦቦ ቱሉ በሬውን እየሳቡ ከፊት፣ ወርቄ ከኋላቸው፣ እኔ መጨረሻ ነበርን። ከተማውን ስንወጣ ወርቄ ከኋላቸው ተናገረች።

"የእኩሉ ቀርቷል።"

"ታዲያ ምን ሊሆን ነው?"

"መሬቱ የኔ፣ በሬው የኔ። ጉልበቱ የአንቱ ነው። ሁለት እጅ ለኔ፣ አንድ እጅ ለአንቱ።"

ኦቦ ቱሉ የበሬውን ገመድ ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "የኔስ መሬት? ጾሙን ሊያድር ነው?"

"የአንቱም በዚሁ በሬ ይታረስ።"

"በምን ሂሳብ?"

"ጥቅምት ላይ ሣሬን ያጭዱልኛል።"

ቆሙ። በሬውም ቆመ። እጇን ተመለከቱ፤ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር።

"እዚያ ሜዳ ላይ ማጭድ አልይዝም" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዲያስ ሲደርቅ ይከምሩልኝ" አለች ወርቄ።

"እሱን እከምራለሁ" አሉና በሬውን ሳቡት።